እሳት አያሳዩዋት

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ከዳባት የተሳፈርንበት አውቶቡስ ደባርቅ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ባሌስትራው ጧ ብሎ ተሰበረ። ባሌስትራ ማለት ከመኪናው ሆድ ሥር ተደራርቦ ጭነቱን የሚሸከመው ብረት ነው። ሾፌሩ ወርዶ አየና አንገቱን ነቀነቀ፤ "በሉ ውረዱ፣ ከዚህ ወዲያ በእግር ነው" አለን። እኔ መምህር ታገኘ በባሕርዬ ቁጡ ነኝ፤ ያን ዕለት ደግሞ ጫማዬ አዲስ፣ እግሬ አሮጌ ነበር። ሾፌሩን፣ መንገዱንና የገዛሁትን ጫማ እያማረርኩ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ነጭ ጋቢ ደርበዋል፤ ጉልበታቸው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለች አዲስ ምሳር አኑረዋል። ሾፌሩ የወረወረውን የባሌስትራ ስባሪ አንሥተው በጣታቸው ዳበሱት።

"ዓይን ገብቶበታል" አሉ።

"ምን ዓይን አመጡ አባቴ! ጭነት በዝቶበት ብረቱ ደክሞት ነው እንጂ" አልኳቸው።

"ብረት ይደክማል?"

"እርስዎና እኔ ደክሞን ተቀምጠን የለም እንዴ?"

ፈገግ እንኳ አላሉም። እኔም አፈርኩ፤ ፊታቸውን ሳየው የሐዘን ፊት ነበረ። ስማቸውን ጠየቅኋቸው፤ ክንዴ እንደሚባሉ፣ ከዳባት ወዲያ ካለ ቀበሌ አራሽ እንደሆኑ ነገሩኝ። ተያይዘን መንገድ ጀመርን።

"ወዴት ነዎት አያ ክንዴ?"

"ልጄን ላመጣ ነው። ሴት ልጄን። ጎንደር እጅ ሥራ ተማሪ ብዬ ሰደድኳት፤ ስፌት ትማራለች ብዬ። እሷ ለካ ብረት ኖሯል የምትማረው! አሁን ደባርቅ ቤት ተከራይታ፣ የእሳት ማንደጃ ሠርታ፣ ማረሻና ምሳር ትቀጠቅጣለች አሉኝ። የክንዴ ልጅ ቀጥቃጭ! ኧረ ሞት ይሻላል።"

ደባርቅ ውስጥ ብረት የምትቀጠቅጥ ሴት አንዲት ናት፤ እሷም ከእኔ ጋር በአንድ አጥር ነው የምትኖረው። የማንደጃዋ ጉርምርምታ የከሰዓት እንቅልፌን ስለሚነሳኝ ቀበሌ ልከሳት ስንት ጊዜ አስቤ ትቼዋለሁ።

"ያለምወርቅ ናት?"

"ያውቋታል?"

"ጎረቤቴ ናት። ጨዋ ልጅ ናት አያ ክንዴ፤ ጫጫታዋ ነው እንጂ።"

ቆም ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉና እጅ ነሡኝ። "እንግዲያስ እግዜር ነው ያገናኘን። ሽማግሌ ይሁኑኝ። የተማረ ሰው ቃል ትሰማ ይሆናል።"

"አልከለክልዎትም። ግን ሽማግሌ የሁለቱንም ወገን ይሰማል፤ ይህን ይወቁልኝ።"

"ይስሙ። የእኔን ከሰሙ በኋላ የእሷን ቢሰሙ ግድ የለኝም።" ከዚያም የእሳቸውን ነገሩኝ። እንደ ነገሩኝ እጽፈዋለሁ፤ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነውና።

"ከወንዛችን ማዶ ዝናቡ የሚባል ቀጥቃጭ ነበረ። ቤተ እስራኤል ነው። አባቴ ከአባቱ ዘንድ ነበር ማረሻ የሚያሠራ። ግን የእነሱን ብረት እንዲያው አንይዘውም፤ በእኔ ቤት ከአያት የመጣ ወግ አለ። አዲስ ብረት ሲገባ በወይራ ፍም ደም እስኪመስል እናግለዋለን፤ ከዚያ ጠበል እናፈስበታለን። የቀጥቃጩ ዓይን ይወጣለታል። አባቴ እንዲህ አደረገ፤ እኔም እንዲሁ አደረግሁ፤ አንድም ቀን ክፉ አላየንበትም።"

"እሺ።"

"ካቻምና ለልጄ ለቢራራ ምሳር አሠራሁለት። ዝናቡ ሲሰጠኝ ምን አለኝ መሰልዎ? 'አያ ክንዴ፣ ይህችን እንደሌላው እሳት አያሳዩዋት' አለኝ። ያውም እጄን ይዞ! እኔ ልጅ ነኝ? ዓይኑን ደብቆባት ባይሆን እሳት ለምን ይፈራላታል? ገባኝ። ቤት ወስጄ ከሌላው ጊዜ አብልጬ አጋልኋት፤ ጠበሉንም አብዝቼ አፈሰስኩባት።"

እርምጃቸውን ቀነስ አደረጉ።

"ብዙም አልቆየ። ቢራራ ደጅ ላይ የወይራ ግንድ ሲፈልጥ ከስለቷ ብጣሽ ተፈናጥራ እዚህ ላይ ገባች።" አንገታቸውን በሁለት ጣት ነኩ። "ደሙን በእጄ አፍኜ ያዝሁት። አልቆም አለኝ መምህር። ሙቅ ነበረ። 'አባቴ ምን ሆንኩ?' አለኝ፤ ሌላ አልተናገረም።"

ምን ይባላል? እግዜር ያጥናዎት አልኩ፤ ሰው ሁሉ የሚለውን።

"በማርያም ደጅ ቆሜ፣ ልጄን የበላው ዝናቡ ነው አልኩ። ገበሬ ማኅበሩም ፊት ተናገርኩ። ከዚያ ወዲያ ከእሱ የሚገዛ ጠፋ። ከብቱን ከወንዙ አባረሩበት። በዚያው ዓመት ዘመዶቹ በሱዳን በኩል ሲሄዱ አብሮ ሄደ። ሚስቱ በለጠች በረሃ ላይ ቀረች ይላሉ።"

"አላዘኑላትም?"

"ለምን አዝናለሁ?" አሉ፤ ድምፃቸው ግን ወረደ። እኔ ያን ጊዜ የተናደድኩት በቡዳው ወሬ ብቻ ነበር። የሰው ዓይን ብረት ሰብሮ አያውቅም፣ ይህ ሁሉ ያለ ፍርድ ሰው ማሳደድ ነው እያልኩ እስከ ከተማው ጫፍ ተከራከርኳቸው። እሳቸውም "ታዲያ ምሳሯን ማን ሰበራት? ይንገሩኛ!" አሉኝ። አላወቅሁም። የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ስለ ብረት የማውቀው ሚስማር ሲወጋኝ ብቻ ነው።

ግቢዋ ስንደርስ ማንደጃው ይጮኻል። የናፍጣ በርሜል ግማሹን ቆርጣ፣ ውስጡን ጭድ በገባበት ጭቃ ለስናዋለች። ከበላዩ ጣሳ ተሰቅሏል፤ ከጣሳው ጋራዦች የሚደፉት የተቃጠለ የመኪና ዘይት በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ ይላል። በጎኑ የብስክሌት ጎማ ቆሟል፤ እጀታውን ስታዞረው ማራገቢያው ንፋስ ይነፋል፤ ነበልባሉም ያጉረመርማል። ያለምወርቅ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራ፣ የተቃጠለ ሽርጥ ታጥቃ ነበር። አባቷን ስታይ ጎማውን ትታ ሮጣ ጉልበታቸውን ሳመች።

"አባቴ! እንዴት ነዎት? አይቸው ደኅና ነው?"

"ደኅና ነው" አሉ፤ ቀና እንድትል ግን ትከሻዋን አልነኳትም። አይቸው ከቢራራ በኋላ የቀረላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው።

ዓይኗ ጨርቁ ላይ ዐረፈ። "ለእሱ የላክኋት ምሳር ናት?"

"ናት። ስሚኝ ልጄ፤ መምህርም ይስሙ። ዛሬውኑ ይህን ነገር ትተሽ ከእኔ ጋር ከገባሽ ልጄ ነሽ፤ ምሳሯንም አይቸው ይይዛታል። እምቢ ካልሽ ደጅሽ ላይ ጥያት እመለሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሴት ልጅ ነበረችኝ አልልም። ምሳሯን አትፍሪላት፤ አንጽቻታለሁ።"

"አንጽቻታለሁ ማለት?"

"እንደ ወጋችን ነዋ። በወይራ ፍም፣ በጠበል።"

ፊቷ አመድ መሰለ። "አይቸው ነክቷታል?"

"አልነካትም። ገና ነው እኮ።"

"እርግጠኛ ነዎት አባቴ? እንጨት አልቆረጠባትም?"

"አልነካትም! ምን ነካሽ?"

ያለምወርቅ ብረት የምትቀጠቅጥበት መስፍ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ስለ ዛቻው የተከፋች መሰለኝና ሽምግልናዬን ጀመርኩ።

"አያ ክንዴ፣ እስቲ በዝግታ እንነጋገር። ሥራዋ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?"

"ኧረ መምህር! የእኛ ዘር መቼ ብረት ቀጥቅጦ ያውቃል? ሰው ምን ይላል? አይቸው ሚስት የሚሰጠው ያጣል። የቡዳ ወንድም ይሉታል!"

"አባቴ" አለች ያለምወርቅ ቀና ብላ፣ "ዝናቡ ሄዷል፤ ዘመዶቹም ሄደዋል። የማረሻችሁን ስለት ማን ያወጣዋል? አምና በዱልዱም ማረሻ አርሳችሁ በሬው ሲደክም አይቻለሁ።"

"ከከተማ እንገዛለን።"

"የከተማውንስ የሚሠራው ሰው አይደለም? ሩቅ ስለሆነ ነው ያልፈሩት?"

አያ ክንዴ በጨርቅ የተጠቀለለችውን ምሳር ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ።

"ሌላም ልጠይቅዎ። እኔ ቡዳ ነኝ?"

"አንቺማ ልጄ ነሽ! በማርያም፣ እንዲህ አይባልም!"

"ያቺን ምሳር ከእኔ በቀር የነካት ሰው የለም። ብረቱን ቆርጬ፣ ቀጥቅጬ፣ ስዬ የላክሁ እኔ ነኝ። ታዲያ የማንን ዓይን ሊያወጡ ነው እሳት ውስጥ የከተቷት?"

ጎበዝ! አልኩ በልቤ። ሽማግሌው "ወግ ነው" አሉ። "አይጠቅምም ብትዪ እንኳ ምን ይጎዳል?"

"እውነት ነው፤ እሱ ምን ይጎዳል?" አልኩ እኔም፣ ለማስታረቅ ብዬ።

ያለምወርቅ እያየችኝ "ተዉት መምህር" አለች። "አባቴ፣ ምሳሯን ይስጡኝ፤ ሌላ እሰጥዎታለሁ። ሌላውን ነገር ይተዉት። እለምንዎታለሁ።"

"አልሰጥሽም! እንዲያውም ወስጄ ለአይቸው እሰጠዋለሁ። አንቺ ባትገቢም እንጨት መቁረጫ ያስፈልገዋል፤ እኔ ያነጻኋት ምሳር ምንም አይላትም" ብለው ታቅፈዋት ወደ በሩ ዞሩ።

ያን ጊዜ ጮኸች። "አይወስዷትም! አንድ ወንድም ነው የቀረኝ!" ምሳሯን በሁለት እጇ ይዛ ከእቅፋቸው ነጠቀች። ልጅ ከአባቷ እጅ ስትነጥቅ ማየት ደስ አይልም፤ እሷም በእምባ ነው ያደረገችው። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ሌላ ምሳር አውርዳ ከጎኗ አኖረቻት።

"እህትማማቾች ናቸው አባቴ። ካንድ የመኪና ባሌስትራ ነው የቆረጥኳቸው፤ ከተገለበጠ የወታደር መኪና ላይ። ሁለቱንም በዚህ እሳት እኩል አጋልኋቸው። ሁለቱንም ውሃ ሳይሆን ዘይት ውስጥ አጠለቅሁ። ከዘይት ሲወጣ ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ግን እንደ ሸክላ ነው፤ ሲመቱት ይሰበራል። ስለዚህ ፍቄ አነጣውና ከእሳቱ ራቅ አድርጌ በቀስታ አሞቀዋለሁ። መጀመሪያ የገብስ ነዶ ይመስላል፤ ቆይቶ ወይን ጠጅ ይሆናል። ያን ጊዜ ነው የማነሳው። መልሶ ማለዘብ እንለዋለን። እልኸኛነቱን ይተዋል፤ ስለቱ ግን አይሄድም።"

"እኔ ያነጻኋትስ?"

ትልቁን መዶሻ አነሣች። "ከቤቱ ግንብ ጀርባ ይቁሙልኝ። መምህር፣ እርስዎም። ራስዎን ዝቅ ያድርጉ።"

ከግንቡ ጀርባ ተጎንብሰን ሰማናት። አያ ክንዴ ያመጡትን ምሳር መስፉ ላይ አጋድማ፣ ወፍራም ጆንያ ሸፍና፣ በትልቁ መዶሻ መታቻት። ጧ አለ፤ ጧት አውቶቡሱ ውስጥ የሰማሁት ድምፅ ነው። ቀጥላ ያችኛዋን መታች። ብረቱ አቃጨለና ዝም አለ። ጆንያውን ስታነሳ የሁለተኛዋ ስለት እንደነበረ ነው። የአይቸው ምሳር ግን አንዱ ጥጓ የለም፤ ተፈናጥሮ ጆንያውን ቀድዶ አጥሩ እንጨት ውስጥ ተሰክቷል። ያለ ጆንያ ቢሆን ኖሮ የት ይሰካ እንደነበር ሳስብ አንገቴን በእጄ ያዝሁ።

አያ ክንዴ ወደ አጥሩ ሄደው ስባሪውን ነቅለው መዳፋቸው ላይ አኖሩት። ስብራቱ ነጭ ነው፤ እንደ ጨው ያብለጨልጫል። ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይህን መልክ አውቀዋለሁ" አሉ። "ከቢራራ አንገት ያወጣናት እንዲህ ነበረች። እንዲሁ እንደ ጨው።"

"አባቴ፣ ይቀመጡ።"

"የዝናቡም ምሳር የመኪና ብረት ነበረች?"

"አዎ፤ ስብራቷ እንደ ጨው ከነበረ የመኪና ብረት ናት።"

"የአባቴ ማረሻስ ለምን አልተሰበረም? እሱም ያግል ነበር፤ ጠበል ያፈስ ነበር።"

"የጥንቱ ብረት ለስላሳ ነው አባቴ። ቢያግሉትም፣ ቢያጠልቁትም ያው ነው፤ ክፉም በጎም አይሆንም። ይህ የመኪና ብረት ግን የተሰጠውን እሳት አይረሳም። ደም እስኪመስል አግለው ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰሱበት የለዘበው ሁሉ ይጠፋል። ጠበሉን አልከስስም፤ ጠበል ለሰው ነው። ለጋለ ብረት ግን የወንዝ ውሃም ቢሆን፣ ጠበልም ቢሆን፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነው።"

"'ይህችን እንደሌላው እሳት አያሳዩዋት' አለኝ" አሉ ሽማግሌው። "እጄን ይዞ ነው የነገረኝ። ወጋችንን ያውቅ ነበር። ያውቅ ነበር ዝናቡ! እንዳላስቀይመው ብሎ ነው አቅልሎ የነገረኝ።" ቀና ብለው ልጃቸውን አዩዋት። "አንቺስ ታውቂ ነበር?"

"ቢራራ ሲሞት ጎንደር ነበርኩ። በኋላ ስለ ብረት ስማር አወቅሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርዎ አባቴ?" አለች።

አያ ክንዴ ጮኸው አላለቀሱም። ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጣሉና መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ከጋቢው ውስጥ "ቢራራ፣ ቢራራ፣ እኔ ነኝ ልጄ፣ እኔ ነኝ" የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ብዙ ለቅሶ ደርሻለሁ። አንድ አባት አንዱን ልጁን ሁለተኛ ሲቀብረው ግን ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁ፤ ዳግመኛም አያሳየኝ። የማንደጃው እሳት ዝቅ ብሏል፤ ዘይቱ ጠብ ጠብ ይላል።

ያለምወርቅ አጠገባቸው ተንበረከከች። "ያደረጉት እንዲጠበቅልዎ ብለው ነው። ከፍቅር ነው ያደረጉት አባቴ።"

ጋቢውን ከፊታቸው ገለጡ። "እሺ፤ ቢራራን ከፍቅር ነው። ዝናቡንስ? በለጠች በረሃ ላይ የቀረችው ከማን ፍቅር ነው?"

ያለምወርቅ ጋቢውን ትከሻቸው ላይ አስተካከለችላቸው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ተነሡ። የተሰበረችውን ምሳር ከመስፉ ላይ አንሥተው "ይህች ትድናለች?" አሉ።

"ትድናለች። የተሰበረውን ቆርጬ እንደ አዲስ አወጣታለሁ። አጭር ትሆናለች እንጂ ትሠራለች።"

"እንግዲያስ አድኛት። አይቸው ይይዛታል።" ጋቢያቸውን አጥሩ ላይ ሰቅለው የብስክሌቱን ጎማ እጀታ ያዙ። "ይህን እንዴት ነው የሚያዞሩት?"

አሳየቻቸው። መጀመሪያ አፈጠኑት፤ "ዝግ ይበሉ አባቴ፤ እሳቱ ሲያንስም ሲበዛም ያበላሻል" አለቻቸው። ዝግ አሉ። እስኪመሽ አዞሩላት፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ማንደጃ ጩኸት ሳልሰድብ ሰማሁት።

በሚቀጥለው እሑድ አያ ክንዴ ዝናቡን የከሰሱበት የማርያም ደጅ ላይ ቆመው የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። አንዳንዱ አለቀሰ፤ አንዳንዱ ሐዘን አዙሮበታል አለ፤ ቄሱ ግን ሰምተው "ያየኸውን መስክረሃል፤ ይበቃል" አሏቸው። ከዚያ ወዲያ ከዳባትም፣ ከቡይት ራስ በኩልም፣ እስከ ጃናሞራ ድረስ ሰው መምጣት ጀመረ። ማረሻው ክረምቱን ሙሉ ሳይዶለዱም ከረመ፤ በሬው ቀለለው፤ የተፈናጠረ ምሳር ዓይን አጠፋ የሚል ወሬም ጠፋ። ጋራዡ ወንዝ ውስጥ ይደፋው የነበረ ዘይት እሳት ሆነ፤ ለከሰል የሚቆረጠውም ወይራ ተረፈ። የአይቸው ነገር አባቱ እንደፈሩት አልሆነም። ለአይቸው የታሰበችው የጽጌሬዳ አባት ልጃቸውን ለመስጠት እሺ ያሉ ዕለት መጀመሪያ የጠየቁት "እህትህ ለእኔም ምሳር ትሠራልኛለች?" ብለው ነው።

ይህን ስጽፍ ለሚያነብ ሁሉ የምለው አለኝ። አያቶቻችን ወጉን ያወጡት ለስላሳ ብረት ይዘው ነው፤ በእነሱ አልፈርድም። ብረቱ ተለውጦ ሳለ እሳቱን እንደ ድሮው ማንደድ ግን ሰው ይገድላል። አዋቂ እጃችንን ይዞ ሲያስጠነቅቀን፣ ከማን ወገን ነው ከማለታችን በፊት ምን አለ ብንል፣ ቢራራም በለጠችም ዛሬ በቤታቸው በኖሩ። ትምህርት ብርሃን ነው ብለን በየሰልፉ እንጮኻለን፤ እኔም እጮኻለሁ፤ ግን የዘገየ ብርሃን ምን እንደሚያሳይ በዚያ ግቢ አይቻለሁ።

አሁን በገበያ ቀን ወደ ደባርቅ የሚወጣ ሰው ያለምወርቅ ደጃፍ ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠው ያገኛል። አዲስ ምሳር ይዞ የሚወጣውን ሁሉ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ብድግ ብለው እጁን ይይዙታል።

"እሳት አያሳዩዋት" ይላሉ። "ይህን የነገረኝ ዝናቡ ነው። እነሱ በሄዱበት በኩል ዘመድ ያላችሁ፣ ዝናቡን የሚያገኝ ሰው ካለ፣ ክንዴ ሰማ በሉልኝ።"

ሰዎቹም እሺ እንላለን ብለዋቸው ምሳራቸውን ይዘው ይሄዳሉ።